ከወገብ የሚነሳ ድንጋይ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው አስፋልት እንፍራንዝ ሲደርስ ከኮረብታው አናት ላይ የጉዛራ ግንብ ብቅ ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ ሜዳው እየተዘረጋ ወደ ጣና ይሄዳል። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን እንደታነጸ ይነገርለታል፤ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ማለት ነው። ክረምቱ ወጥቶ እህሉ ሲያሸት ግን በዚህ አገር ዐይን የሚስበው ግንቡ ሳይሆን ማማው ነው። በማሳው መካከል በባላ ላይ እንጨት ተረብርቦ የተሠራች ከፍታ፣ በላይዋ አንድ ልጅ፣ በልጁ እጅ አንድ ወንጭፍ።

ወፉ ተግተልትሎ መጥቶ ማሽላው ላይ ሲያርፍ ልጁ አይቸኩልም። የገመዱን አንድ ጫፍ በቀለበት ጣቱ ላይ ያጠልቃል፤ ሌላውን ጫፍ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ይይዛል። ድንጋዩን ማረፊያው ላይ ያደላድላል። ድንጋይ በማይገኝበት መረሬ መሬት ከሆነ በፀሐይ የደረቀ የጭቃ ድቡልቡል ይተካዋል። ግራ እግሩን ወደፊት አስቀድሞ አንዴ ወይም ሁለቴ ያሽከረክርና ጣቱን ይለቃል። ድንጋዩ እያፏጨ ይሄዳል። ወፉ ብድግ ይላል።

ይህን ሲያደርግ ልጁ ስለ ክንዱ አያስብም። እናትና አባቱ ያዘዙትን እህል እየጠበቀ ነው። ነገር ግን በዚያች አጭር እንቅስቃሴ ውስጥ በዓለም ዙሪያ ያሉ የውርወራ አሠልጣኞች በካሜራና በኮምፒውተር የሚፈልጉት ነገር አለ፤ ኃይል ከእግር ተነስቶ እንዴት ጣት ላይ እንደሚደርስና ዐይን ያየውን እጅ እንዴት እንደሚያገኘው።

ጅራፍ የሚያስተምረው

ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ውርወራ የክንድ ሥራ ይመስላል። ድንጋዩን የያዘው ክንድ፣ የሚለቀውም ክንድ ነው። ስለዚህ ጀማሪ አርቆ መወርወር ሲፈልግ ክንዱን ያጠነክራል፣ ትከሻውን ይወጥራል፣ ጥርሱን ይነክሳል። ድንጋዩም እፊቱ ይወድቃል።

ምክንያቱን ለመረዳት የጎንደር ልጅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ጅራፍ ይበቃዋል። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲከበር፣ በተለይም በደብረ ታቦርና በዙሪያው፣ የጅራፍ ጩኸት ከመንደር መንደር ይሰማል። ጅራፍ ከሥሩ ወፍራም ነው፤ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። የሚያጮኸው ልጅ እጁን ወደፊት ከላከ በኋላ ድንገት ይገታዋል። እጁ ይቆማል እንጂ የሰጠው ጉልበት አይቆምም። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ይተላለፋል፤ የሚሸከመው አካል እየቀለለ በሄደ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ከድምፅ ፍጥነት ይበልጣል፤ በሰከንድ ከ340 ሜትር በላይ ማለት ነው። ያ ጩኸት ጅራፉ አየሩን ሲሰነጥቅ የሚወጣ ድምፅ ነው።

የሰው አካልም ሲወረውር እንዲሁ ነው። ጭንና ዳሌ ወፍራሙ ሥር ናቸው፤ የእጅ አንጓና ጣት ቀጭኑ ጫፍ። ወርዋሪው ወደፊት ይራመዳል፤ የፊት እግሩ መሬት ሲረግጥ ጉልበቱ ጸንቶ ግስጋሴውን ይገታል። እጁ የተገታውን ጅራፍ ያስታውሱ። እግር ሲቆም ዳሌ ይዞራል፤ ዳሌ ሲዘገይ ደረት ይከተላል፤ ከደረት ትከሻ፣ ከትከሻ ክርን፣ ከክርን አንጓ። እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ከበፊቱ ይፈጥናል። ተራው ከተዛባ፣ ለምሳሌ ትከሻ ከዳሌ ቀድሞ ከተከፈተ፣ ከእግር የመጣው ጉልበት መንገድ ላይ ይባክናል፤ ክንድ ለብቻው ይቀራል። ትከሻቸውን የሚያማቸው ብዙ ወርዋሪዎች ያለ ወገብ በክንዳቸው ብቻ የሚወረውሩ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ኒል ሮችና የሥራ ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህን ጉዳይ አብራርቶታል። ወርዋሪ ክንዱን ወደ ኋላ ሲያደርግ የትከሻው ጅማቶችና ጡንቻዎች እንደ ላስቲክ ይለጠጣሉ፤ ሲለቀቁ ደግሞ ክንዱን በሰከንድ እስከ 9,000 ዲግሪ በሚደርስ ፍጥነት ያዞሩታል። የሰው አካል ከሚሠራቸው እንቅስቃሴዎች ሁሉ ይህን የሚፈጥን የለም። ቺምፓንዚ ከሰው የበለጠ ጉልበት አላት፤ ስትወረውር ግን በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ብዙም አታልፍም። ቤዝቦል የሚጫወት የ12 ዓመት ልጅ ሦስት እጥፏን ይወረውራል። ልዩነቱ ጡንቻ ላይ አይደለም፤ የሚዞር ረዥም ወገብና ዝቅ ያለ ትከሻ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት ኢትዮጵያዊው አርኪዮሎጂስት ዮናታን ሳህሌ ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ ጥናት አሳተመ። በስምጥ ሸለቆ፣ ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ባለው ጋደሞታ የተገኙ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ የተሠሩ ስለቶችን ሲመረምሩ፣ ጫፋቸው ላይ ያሉት ደቃቅ ስንጥቆች ተወርውረው ባረፉ ጦሮች ላይ የሚታዩ ዓይነት ሆነው አገኟቸው። ከመካከላቸው ጥንታዊዎቹ ከ279,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። አርቆ መወርወር በዚህች ምድር ያን ያህል ዘመን ያስቆጠረ ሙያ ነው።

የሚበርር ሳህን

ይህንኑ ሙያ አሜሪካኖች ወደ ጨዋታ ቀይረውታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ኤድ ሄድሪክ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ኦክ ግሮቭ መናፈሻ ውስጥ የመጀመሪያውን ቋሚ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ አቋቋመ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የባለሙያ ተጫዋቾቹን ማኅበር መሠረተ። ደንቡ እንደ ጎልፍ ነው። በዱላና በኳስ ፋንታ ከ21 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ስፋት ያለው የፕላስቲክ ሳህን ይወረወራል፤ በጉድጓድ ፋንታ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ይቆማል። በጥቂት ውርወራ ሳህኑን ቅርጫት ያስገባ ያሸንፋል። ዛፍ፣ ቁልቁለትና ውኃ ያለበት ማናቸውም መናፈሻ ለዚህ ይሆናል።

ዴቪድ ዊጊንስ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ2016 በኔቫዳ በረሃ ነፋስ ከኋላው እየገፋለት ዲስክ 338 ሜትር ወርውሯል። ወንጭፍ ግን ከዚህም ይርቃል። ላሪ ብሬይ እ.ኤ.አ. በ1981 ርዝመቱ 129.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ወንጭፍ 52 ግራም የሚመዝን ድንጋይ 437.13 ሜትር አድርሷል። የማማው ልጅ በእጁ የያዘው መሣሪያ የዋዛ አይደለም።

ዲስክ የሚወረውር ሰው ለኢላማው ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል። ሳህኑን ከደረቱ ፊት ለፊት ወደ ኋላ ይወስዳል፤ የፊት እግሩን ይተክላል፤ ዳሌው ሲከፈት ሳህኑ ደረቱን ታክኮ በቀጥታ መስመር ይመጣል፤ ክርኑ ይዘረጋል፤ አንጓው በመጨረሻ ይለቃል። ሦስት ስህተቶች ደጋግመው ይታያሉ። አንዱ ሳህኑን በሰውነት ዙሪያ እንደ ቀለበት ማዞር ነው። እንዲህ የተወረወረ ሳህን መቼ እንደሚለቀቅ ወርዋሪው ራሱ አያውቅም፤ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ይሄድበታል። ሁለተኛው የሳህኑ ግንባር ሽቅብ እያየ መልቀቅ ነው። ሳህኑ ይነሳል፣ አየሩ ፍጥነቱን ይበላዋል፣ ሩቅ ሳይሄድ ይወድቃል። ሦስተኛው ከተለቀቀ በኋላ ወዲያው መቆም ነው። ሰውነቱ ዞሮ ሳይጨርስ የሚገታ ወርዋሪ ገና ከመልቀቁ በፊት መገታት ጀምሯል ማለት ነው፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱና ወገቡም ይጎዳሉ።

ሳህኑን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው መሽከርከሩ ነው። የሚሾር እንዝርት ሳይወድቅ እንደሚቆም፣ በደንብ የተሽከረከረ ሳህንም አየር ላይ አይዋልልም። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው በዚህ አኳኋን የወረወረው ዲስክ በፍጥነት ሲሄድ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ወደ ግራ ይመለሳል። ስለዚህ ባለሙያ የሚያነጣጥረው ቅርጫቱን ሳይሆን ሳህኑ ሊሄድበት የሚገባውን መንገድ ነው።

ይህ ጨዋታ በጎንደር ቢዘረጋ ተራራው የራሱ ፍርድ ይኖረዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስስ አየር ዲስኩን የመሸከም ኃይሉ ያነሰ ነው፤ ወደ ቀኝ ማዘንበሉ ይቀንሳል፤ ወደ ግራ መውደቁ ይቀድማል። ድንጋይ ግን አየር አይሸከመውም፤ አየር ያግደዋል እንጂ። ስለዚህ የወንጭፍ ድንጋይ በደጋ ትንሽ ራቅ ይላል።

አንድ መቶኛ ሰከንድ

ኃይሉ ከወገብ ከመጣ፣ አነጣጥሮ መምታትስ ከየት ይመጣል?

ድንጋይ ከወንጭፍ ሲወጣ ገመዱ ወደሚያመለክትበት አይሄድም። ከክቡ ታካኪ ሆኖ፣ ለገመዱ ቀጤ ነክ በሆነው አቅጣጫ ይወጣል። ጀማሪ ገመዱ ኢላማውን ሲያይ ይለቃል፤ ድንጋዩ ወደ ጎን ይበርራል። ልምድ ያለው ቀድሞ ይለቃል። ምን ያህል ቀድሞ? በቁጥር እንየው። ክንዱና ወንጭፉ አንድ ላይ 1.5 ሜትር ቢሆኑና ድንጋዩ በሰከንድ 30 ሜትር ቢጓዝ፣ በአንድ መቶኛ ሰከንድ ውስጥ ገመዱ ከ11 ዲግሪ በላይ ይዞራል። 50 ሜትር ርቆ ላለ ኢላማ ይህ የ10 ሜትር ስህተት ነው። ዐይን እስኪርገበገብ ድረስ ከአንድ መቶኛ ሰከንድ ብዙ እጥፍ ይፈጃል። አስቦ፣ አሁን ልልቀቅ ብሎ የሚለቅ ሰው ስለዚህ ሊመታ አይችልም። መልቀቁ የእንቅስቃሴው አካል መሆን አለበት፤ እግር፣ ዳሌና ትከሻ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ምት ሲሄዱ ጣትም በቦታው ይከፈታል። አነጣጥሮ መምታት የሚጀምረው ከዐይን ሳይሆን ራስን ከመድገም ነው።

ስህተቱ ወዴት እንደሚሄድ ግን መምረጥ ይቻላል። ወንጭፉ ከራስ በላይ አግድም ከዞረ፣ የመልቀቂያ ስህተት ድንጋዩን ግራና ቀኝ ይወስደዋል። ከጎን ሆኖ ከታች ወደ ላይ ከዞረ ደግሞ ስህተቱ ከፍና ዝቅ ይሆናል። ለቆመ ግንድ ሁለተኛው ይሻላል፤ ዝቅ ያለው ጉቶውን፣ ከፍ ያለው ቅርንጫፉን ያገኛል። ማሳ ሙሉ ለተንጣለለ መንጋ ግን አግድሙ አያስቸግርም፤ የትም ቢያርፍ ወፉን ያስነሳል።

ጉልበት ማብዛትም ሁልጊዜ አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2017 ማዱሱዳን ቬንካዴሳንና ኤል. ማሃዴቫን የውርወራን ስሌት ሲያወጡ፣ አንድ ኢላማ ላይ ለመድረስ ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ ፍጥነት ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ መወርወር በጣም ከመፍጠን ይልቅ ትክክለኛ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ከባዱ ጉልበት ለርቀት ነው። ኢላማው ቅርብ ከሆነ ረጋ ማለት ያዋጣል።

ዐይንም የራሱ ሥራ አለው። የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ቪከርስ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ዐይን በመሣሪያ ስትከታተል፣ ጎበዞቹ ከመወርወራቸው በፊት አንድ ነጥብ ላይ ረዘም አድርገው እንደሚያፈጡ፣ ሌሎቹ ግን ዐይናቸው እንደሚቅበዘበዝ አየች። ለዲስክ ተጫዋች ነጥቡ ከቅርጫቱ ሰንሰለቶች አንዱ ነው። ለማማው ልጅ አንድ የማሽላ አገዳ ነው። ማሳውን በሙሉ የሚያይ ማሳውን በሙሉ ይስታል።

የድንጋዩም ምርጫ አለ። ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም ሲወርድ ከወንዝ አምስት ልሙጥ ድንጋዮች መርጧል፤ በቤተ ክርስቲያን ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ወንዝ ድንጋይን ያለሰልሳል፣ ያድበለብላል። መጠናቸው የተቀራረበ ድንጋዮች እጅ አንዱን ምት ብቻ እንዲማር ያደርጋሉ፤ አንዴ ዋንጫ፣ አንዴ ጠጠር የሚያክል የሚወረውር ግን በእያንዳንዱ ውርወራ እንደ አዲስ ይጀምራል። በሜዲትራኒያን ባሕር የባሌሪክ ደሴቶች የጥንት ወንጫፊዎች ደግሞ ለቅርብ፣ ለመካከለኛና ለሩቅ የሚሆኑ ሦስት የተለያየ ርዝመት ያላቸው ወንጭፎች ይይዙ ነበር። የዛሬ ዲስክ ተጫዋች ቦርሳውን ሲከፍት እንደዚሁ ለየርቀቱ የተለየ ሳህን አለው። በእነዚያ ደሴቶች ወንጭፍ ዛሬም በውድድር የሚካሄድ ስፖርት ነው።

ኢላማው ሲሮጥ

የቆመን መምታት አንድ ነገር ነው፤ የሚጋልብን መምታት ሌላ። በአዊ ዞን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ጉግስ ይታያል። አንዱ እየጋለበ ይሸሻል፣ ሌላው እየጋለበ ዘንግ ይወረውርበታል፤ የሚሸሸው በጋሻ ይመክታል። ወርዋሪው ሰውየው ባለበት ቢያነጣጥር ዘንጉ ከኋላ ይወድቃል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚጋልብ ፈረስ ዘንጉ አየር ላይ በቆየባት አንድ ሰከንድ 10 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ የሚነጣጠረው ፈረሱ ወደሚደርስበት ባዶ ቦታ ነው። በኮርቻ ላይ ደግሞ የሚረገጥ መሬት የለም፤ የፊት እግሩን ሥራ እርካቡና ፈረሱን ያቀፈው ጭን ይተካሉ። ፈረሰኛው ከእርካቡ ተነስቶ ወገቡን አዙሮ ሲወረውር የሚታየው ያው ጅራፍ ነው።

ከማማ ወደ ሜዳ

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች ሁሉ የሩጫ ናቸው። ጦር ውርወራ፣ ዲስከስና አሎሎ በአገር ውስጥ ውድድሮች አሉ፤ ከሩጫው ጥላ ግን አልወጡም። ጎረቤታችን ኬንያም እንደኛው የሯጮች አገር ናት። ሆኖም ጁሊየስ ዬጎ የጦር ውርወራ ዘዴን ከኢንተርኔት ቪዲዮ እያየ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ቤጂንግ ላይ ጦሩን 92.72 ሜትር ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ሪዮ ላይ የኦሊምፒክ ብር ወሰደ። ዬጎ የጎደለው ችሎታ አልነበረም፤ የሚያሳየው ሰው ነበር።

በእንፍራንዝ ሜዳ፣ በደምቢያ፣ ገብስ ከጭላዳ ዝንጀሮ በሚጠበቅበት የስሜን ደጋ ያደገ ልጅ ዳሌው ከትከሻው እንዲቀድም ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ይህ እውቀቱ ከደጅ ይቀራል። ወንጭፉ እንደ ባለጌ ዕቃ ይቆጠራል፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜው በኳስና በሩጫ ያልቃል።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ አሮጌ ማዳበሪያ ከዛፍ ላይ ይሰቀል። ልጆቹ 20 እርምጃ ርቀው መጠናቸው እኩል የሆነ አሥር የጭቃ ድቡልቡል ይያዙ። መጀመሪያ ያለ ወንጭፍ፣ ቆመው፣ በግማሽ ጉልበት ይወርውሩ፤ መምህሩ የፊት እግር መተከሉንና ዳሌ ከትከሻ መቅደሙን ብቻ ይመልከት። የመታ ብቻ ሳይሆን የሳተም ወዴት እንደሳተ ይጻፍ፤ ግራና ቀኝ ወይስ ላይና ታች። በየሳምንቱ ይነጻጸር። ከዚያ ወደ ወንጭፉ፣ ቀጥሎም ወደ ጦሩና ወደ ዲስከሱ መሻገር ይቻላል። ሌሎቹ ልጆች ከወርዋሪው ኋላ ብዙ ርቀው ይቁሙ፤ ከወንጭፍ ያመለጠ ድንጋይ ወደ ኋላም ይመጣል። ከዛፉ ባሻገር ሰውም ከብትም እንዳይኖር አስቀድሞ ይታይ። ጭላዳ በሌላ አገር የማይገኝ የኢትዮጵያ ብርቅዬ መሆኑም ለልጆቹ ይነገር፤ ወንጭፍ እርሱን ከማሳ ለማራቅ እንጂ ለመጉዳት አይደለም።

የጎንደርና የአካባቢው የስፖርት መምህራንና የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች በመጪው የመኸር ወቅት አንድ ቅዳሜ መርጠው የማማ ልጆችን ሜዳ ላይ ይሰብስቡ። ሜትር ይዘርጉ፣ ስም ይመዝግቡ፣ ርቀት ይለኩ። በአንድ ወረዳ ብቻ እንኳ ስንት ወርዋሪ እንዳለ በዚያች ቀን ይታወቃል።